የድምፅ ሚክሰር ከመግዛታችን በፊት፦ የቴክኒክ መግለጫውን እንዴት እናንብብ?

የድምፅ መሣሪያ ዛሬ በከተማም ሆነ በገጠር ለሚገኙ አጥቢያዎች አስፈላጊ ከሆኑት ንብረቶች አንዱ ሆኗል። በቅዳሴ ጊዜ የሠራዒው ካህን ድምፅ በቅድስትና በቅኔ ማኅሌት ላለው ምእመን ብቻ ሳይሆን፣ በዐፀዱ ከዛፍ ጥላ ሥር ለቆሙት አረጋውያንም ጥርት ብሎ ሊደርስ ይገባል። ይህን አገልግሎት ከሚሰጡት ዕቃዎች መካከል በመጠን ትንሽ፣ በሥራው ግን ወሳኝ የሆነው ሚክሰር ነው። ሚክሰር ከየማይክሮፎኑ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ ያጎላል፤ አንዱን ከሌላው ጋር ያመጣጥናል፤ ከዚያም ወደ አምፕሊፋየር ወይም የራሱ ኃይል ወዳለው ድምፅ ማጉያ ያስተላልፋል።

ግዥ ሲፈጸም ግን ብዙ ጊዜ የሚታዩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ዋጋውና በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የቻናል ቁጥር። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የቴክኒክ መግለጫ የሚገለጠው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን አንባቢ ከተገኘ ነው። ገንዘቡ ምእመናን ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው የሰጡት መባ ነውና፣ ወረቀቱ ከክፍያ በፊት ሊነበብ ይገባል። ይህ ጽሑፍ በመግለጫው ላይ ካሉት ቁጥሮች መካከል ግዥን የሚወስኑት የትኞቹ እንደሆኑ፣ በአንድ እይታ ሊታለፉ የሚችሉትም የትኞቹ እንደሆኑ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ያስረዳል። ለማስረጃ ያህል ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ የተባለውን አነስተኛ ሚክሰር በተደጋጋሚ እንጠቅሳለን። የምንጠቅሰውም መግለጫው ግልጽና ለማስተማር የሚመች ስለሆነ እንጂ ይህ ይገዛ ለማለት አይደለም።

ቻናል ሁሉ የማይክሮፎን መግቢያ አይደለም

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነው። በስሙ ላይ 10 ቁጥር ያለበት ከላይ የጠቀስነው ሚክሰር 10 ማይክሮፎን አይቀበልም፤ የሚቀበለው 4 ብቻ ነው። ቀሪዎቹ 6 ቻናሎች ሦስት ጥንድ የስቴሪዮ መግቢያዎች ሲሆኑ፣ የተሠሩትም ለቴፕ፣ ለኮምፒዩተር፣ ለስልክና ለመሳሰሉት ጠንካራ ምልክት ለሚሰጡ ዕቃዎች ነው። አምራቾች አንዱን የስቴሪዮ መግቢያ ግራና ቀኝ ብለው እንደ ሁለት ቻናል ስለሚቆጥሩት ድምሩ 10 ይሆናል። ስሌቱ የተሳሳተ አይደለም፤ ሆኖም ቁጥሩ የሚመልሰው እኛ የምንጠይቀውን ጥያቄ አይደለም።

ተመሳሳይ ቁጥር የያዙ ሁለት ሚክሰሮችም ሊለያዩ ይችላሉ። ያማሃ ኤምጂ12 ስድስት የማይክሮፎን መግቢያ ሲኖረው፣ ቤሪንገር ዜኒክስ 1202 አራት አለው። ሁለቱም በስማቸው የሚያሳዩት 12ን ነው። ስለዚህ በመግለጫው ላይ የሚፈለገው «የማይክሮፎን መግቢያ» ወይም «ማይክ ፕሪአምፕ» ከሚለው ቃል ጎን የተቀመጠው ቁጥር ነው። ዕቃው በእጅ ካለም ባለ ሦስት ቀዳዳ የሆኑትን የኤክስኤልአር መግቢያዎች መቁጠር ይቻላል። ሲቆጠር ግን መውጫዎቹም ኤክስኤልአር ሊሆኑ ስለሚችሉ እንዳይደመሩ መጠንቀቅ ያሻል።

አጥቢያው ስንት ያስፈልገዋል? መልሱ የሚገኘው ከሥርዓተ አገልግሎቱ ነው። በመቅደስ ለሠራዒው ካህን አንድ፣ ለሠራዒው ዲያቆን አንድ፣ ለምንባብ አንድ፣ በቅኔ ማኅሌት ለመሪጌታው አንድ፣ በዐውደ ምሕረት ለሰባኪው አንድ ብንል አምስት ይሆናል። አንድ መግቢያ ቢበላሽ አገልግሎቱ እንዳይስተጓጎል መጠባበቂያ ሲጨመር ስድስት ነው። እንዲህ ያለ አጥቢያ «10 ቻናል ይበቃናል» ብሎ ባለ አራት ማይክሮፎን ሚክሰር ቢገዛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት መግቢያ ይጎድለዋል። የገመድ አልባ ማይክሮፎን መቀበያ የላይን መውጫ ካለው ግን በስቴሪዮው መግቢያ ሊሰካ ስለሚችል፣ በቁጥሩ ውስጥ ለብቻው ይታሰብ።

ጌይንና የመሣሪያው የራሱ ሹክሹክታ

ከማይክሮፎን የሚወጣው ምልክት ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ የሚፈልገው ግን አንድ ቮልት ገደማ ነው። ይህን ልዩነት የሚሞላው ጌይን የሚባለው የመጀመሪያ ማጉያ ነው። የሚለካውም በዲቢ ነው። በቮልት ሲታሰብ እያንዳንዱ 20 ዲቢ ምልክቱን 10 እጥፍ ያሳድገዋል፤ 60 ዲቢ ማለት እንግዲህ 1000 እጥፍ ነው። ለንግግርና ለዜማ በተለመደው ማይክሮፎን 60 ዲቢ ገደማ የጌይን ዐቅም ያለው ሚክሰር ይበቃል።

ምልክቱ ሲጎላ የመሣሪያው የራሱ ሹክሹክታም አብሮ ይጎላል። በመግለጫው ላይ ይህ «ኢኩዊቫለንት ኢንፑት ኖይዝ» ተብሎ በዲቢዩ ይጻፋል። በጠቀስነው ሚክሰር -128 ዲቢዩ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ፣ ከዜሮ በራቀ መጠን መሣሪያው ጸጥተኛ ነው፤ -128 ከ-120 ይሻላል። ይሁን እንጂ ከማይክሮፎኑ ከራሱ የሚነሣው የተፈጥሮ ሹክሹክታ እንኳ ወደ -131 ዲቢዩ ስለሚጠጋ፣ በ-127 እና በ-129 መካከል ስላለው ልዩነት ብሎ ብዙ ገንዘብ መጨመር አያስፈልግም።

የ48 ቮልቱ ቁልፍ

«ፋንተም ፓወር» የሚባለው ሚክሰሩ በማይክሮፎኑ ገመድ በኩል የሚልከው 48 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ኮንደንሰር የሚባሉት ማይክሮፎኖች፣ በተለይም በአትሮንስ ላይ የሚተከሉት አንገታቸው ቀጭንና ተጣጣፊ የሆኑት፣ ያለዚህ ኃይል አይሠሩም። በእጅ የሚያዙት እንደ ሹር ኤስኤም58 ያሉ ዳይናሚክ ማይክሮፎኖች ግን አይፈልጉትም፤ በትክክለኛ የኤክስኤልአር ገመድ እስከተገናኙ ድረስም አይጎዳቸውም። አጥቢያው የአትሮንስ ማይክሮፎን ካለው ወይም ሊገዛ ካሰበ በመግለጫው ላይ 48 ቮልት መኖሩን ያረጋግጥ። በአነስተኛ ሚክሰሮች ቁልፉ ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ ለሁሉም መግቢያ በአንድነት ይሠራል። ሲበራና ሲጠፋ ኃይለኛ የፍንዳታ ድምፅ እንዳይሰማ አስቀድሞ የዋናውን ድምፅ መቆጣጠሪያ ዝቅ ማድረግ ይገባል።

ቃናን የሚያስተካክሉት

ኢኳላይዘር ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። በምሳሌያችን ወፍራሙ በ100 ኸርዝ፣ መካከለኛው በ2500 ኸርዝ፣ ቀጭኑ በ10000 ኸርዝ ላይ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው እስከ 15 ዲቢ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። የቃላት ጥራት በአብዛኛው የሚያርፈው በመካከለኛው ክፍል፣ ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው ላይ ነው። ስብከቱ «ይሰማል ግን አይገባም» ሲባል፣ ድምፁን ከመጨመር ይልቅ ወፍራሙን ትንሽ መቀነስ ብዙ ጊዜ የተሻለ መፍትሔ ነው።

ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጠው ማጣሪያም ለእኛ አገልግሎት እጅግ ጠቃሚ ነው። የነፋስን ሁካታ፣ የመቋሚያንና የእግርን ንዝረት፣ ወደ ካህኑ ማይክሮፎን የሚገባውንም የከበሮ ጉምጉምታ ይቀንሳል። የሰው ድምፅ ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ አይጎዳም።

ኤኮ የሚሰጠው ክፍል በመግለጫው ላይ «24 ዓይነት» ተብሎ ሊደነቅ ይችላል። በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተሠራ፣ ጉልላቱ ከፍ ያለ ሕንጻ ግን በራሱ ያስተጋባል። በዚያ ላይ ኤኮ ሲጨመር አንዱ ቃል ሌላውን ስለሚሸፍን ጸሎቱም ትምህርቱም ይደበዝዛል። ስለዚህ ለኤኮ ብዛት ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ሊከፈል አይገባም።

ድምፁ የሚወጣባቸው በሮች

ዋናው መውጫ «ባላንስድ» መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በዚህ ዓይነት ገመድ ውስጥ ሁለት ምልክት ተሸካሚ ሽቦዎችና አንድ መከለያ አሉ። በመንገድ የሚገባው ሁካታ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ እኩል ስለሚያርፍ፣ ተቀባዩ መሣሪያ ልዩነታቸውን ብቻ ሲወስድ ሁካታው ይጠፋል። ሚክሰሩ በቅኔ ማኅሌት፣ አምፕሊፋየሩ በዕቃ ቤት በሆነባቸው አጥቢያዎች ይህ የግድ ነው። ባላንስድ ያልሆነ ገመድ ከጥቂት ሜትሮች ሲያልፍ የኤሌክትሪክ መስመሩን እምምታ ያስገባል።

«ኦክስ» የሚባለው ተጨማሪ መውጫ ደግሞ ከዋናው የተለየ ሚዛን ያለው ድምፅ ወደ ሌላ ስፍራ ይልካል፤ ለምሳሌ ለማኅሌታውያን መስሚያ ወይም ለቀረጻ። በምሳሌያችን ያለው አንድ ኦክስ ብቻ ነው፤ እርሱም ለኤኮው ጭምር ያገለግላል። ለመስሚያም ለቀረጻም ለየብቻ መላክ የሚሻ አጥቢያ ቢያንስ ሁለት ኦክስ ያለው ይፈልግ።

በዚህ ስፍራ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። በአነስተኛ ሚክሰር መግለጫ ላይ «23 ዋት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚወስደው ፍጆታ ነው እንጂ የሚያወጣው የድምፅ ኃይል አይደለም። እንዲህ ያለው ሚክሰር ሞንታርቦም ሆነ በጉልላቱ አጠገብ የሚሰቀለውን የቀንድ ቅርጽ ያለውን ድምፅ ማጉያ ብቻውን አያሠራም። በተለይ ቀንዶቹ በ70 ወይም በ100 ቮልት መስመር የተገናኙ ከሆነ ለዚያው የተሠራ አምፕሊፋየር ያስፈልጋቸዋል። አምፕሊፋየሩን በውስጡ የያዘው «ፓወርድ ሚክሰር» ሌላ ዓይነት ዕቃ ስለሆነ፣ በፕሮፎርማ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

ኤሌክትሪኩ

የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ብዙ አነስተኛ ሚክሰሮች የሚሠሩት በተለየ አዳፕተር ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናን በበጎ ፈቃድ ከሚልኩት ዕቃ ጋር የሚመጣው አዳፕተር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ በ220 ሲሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመስካት በፊት በአዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ በየትኛውም ይሠራል። የምሳሌያችን አዳፕተር ሦስት እግር ያለውና ተለዋጭ ጅረት የሚሰጥ ልዩ ዓይነት በመሆኑ፣ በተለመደው የራውተር አዳፕተር አይተካም፤ መጠባበቂያው አብሮ ቢገዛ ይመረጣል። ኤሌክትሪክ በሚዋዥቅበት ስፍራ ስታቢላይዘር፣ መስመር ባልደረሰበት ስፍራ ደግሞ የፍጆታው ቁጥር ይታሰብ። 23 ዋት ለ4 ሰዓት ቢሠራ 92 ዋት ሰዓት ነው፤ ለአምፕሊፋየሩ ፍጆታ ግን ሌላ ስሌት ያስፈልጋል።

በአንድ እይታ የሚታለፉት

«ፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ» ከ20 እስከ 20000 ኸርዝ መሆኑ የሰው ጆሮ የሚሰማውን ሁሉ ይሸፍናል። ይህን የዛሬ ሚክሰሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ያሟላሉ። የድምፅ መዛባት መጠን 0.02 ወይም 0.01 ከመቶ መሆኑም፣ የድምፅ ማጉያዎቹ ራሳቸው ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሚያዛቡ በጆሮ አይለይም።

ፉጨትን በተመለከተም የትኛውም መግለጫ መድኃኒት አይሰጥም። ፉጨት የሚነሣው ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ሲገባ ነው። የተከፈቱት ማይክሮፎኖች ቁጥር በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ሳይፏጭ ሊሰጥ የሚችለው ድምፅ በ3 ዲቢ ይቀንሳል። መፍትሔው ድምፅ ማጉያውን ከማይክሮፎኑ ፊት ማስቀደም፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማቅረብና ያልተያዙትን መዝጋት ነው።

ለፕሮፎርማ ጥያቄው

የግዥ ኮሚቴው ለአቅራቢዎች «ባለ 12 ቻናል ሚክሰር» ብሎ ከሚጽፍ ይልቅ የሚከተሉትን ቢዘረዝር የሚቀርቡለት ዋጋዎች ሊወዳደሩ ይችላሉ፦

1. የማይክሮፎን መግቢያ ብዛት፣ በቁጥር
2. 48 ቮልት ፋንተም ፓወር
3. በእያንዳንዱ የማይክሮፎን መግቢያ ወፍራም ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያና ባለ ሦስት ክፍል ኢኳላይዘር
4. ባላንስድ ዋና መውጫና የኦክስ ብዛት
5. አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው ወይም የሌለው መሆኑ
6. በ220 ቮልት የሚሠራ አዳፕተር፣ ከመጠባበቂያው ጋር
7. የዋስትና ጊዜና የአጠቃቀም መጽሐፍ

ዕቃው ሲደርስም ርክክቡ በሳጥኑ ስም ሳይሆን በዚህ ዝርዝር ይፈጸም፤ እያንዳንዱ መግቢያ በማይክሮፎን ተፈትሾ ከዚያ በኋላ በንብረት መዝገብ ይመዝገብ። የአጠቃቀም መጽሐፉ በዕቃ ቤት ተቆልፎበት እንዳይቀር ቅጂው ለሚያሠሩት ይሰጥ። ከዲያቆናት ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢያንስ ሁለት ተመድበው ቢሠለጥኑ፣ አንዱ ባይኖር ሌላው አገልግሎቱን ያስቀጥላል።