ተጨማሪ መረጃ፦ ከመርፌ እስከ ሌዘር

ለቁንጅና ሲባል ገላን ማስወጋት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የቆየ ልማድ ነው። ግንባራቸውን በመስቀል፣ አንገታቸውን በጌጥ፣ ድዳቸውን ደግሞ ጥቁር አድርገው የተነቀሱ እናቶች ዛሬም አሉ። ነቃሿ ጥላሸት ለውሳ በመርፌ እየወጋች ታሰርገዋለች፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጥቶ ይታያል። ሕመሙን ችሎ መቀመጥ ራሱ ሌላ ሙያ ነው!

አሁን ፋሽኑ ዞሯል። ያንኑ ንቅሳት አዲስ አበባ ወርደው በሌዘር የሚያስጠፉ አሉ፤ ጨረሩ ቀለሙን ይሰባብረዋል፣ ሰውነት ጥቂት በጥቂት ያስወግደዋል። ስለዚህ ሥራው በአንድ ቀጠሮ አያልቅም።

ለቁንጅና መታከም የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. የተሰጡ የውበት ሕክምናዎች 35 ሚሊዮን ገደማ እንደሆኑ ይገመታል።

ለመነቀስ ያሰበ ሰው መርፌው አዲስ መሆኑን በዓይኑ ይይ፤ በጋራ መርፌ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይተላለፋሉ።