አንድ «አለ»፣ ብዙ እንግሊዝኛ

በአማርኛ የሌላ ሰው ንግግር ስናስተላልፍ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራልን አንድ ግስ ነው፦ «አለ»። «ደክሞኛል አለች»፣ «አልሄድም አለ»፣ «የት ነበርሽ አለኝ» እንላለን። የተናጋሪው ቃል እንዳለ ይቀመጥና «አለ» ይከተለዋል። ዜና ላይ «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አስተባበሉ» ይመጣሉ፤ ለቤት ወሬ ግን «አለ» ይበቃል።

እንግሊዝኛ ላይ ሌላ ልማድ አለ። አሜሪካ ተምረን ያደግን ልጆች ገና ከአንደኛ ደረጃ «ሴድ» የሚለውን ቃል አትደጋግሙ ተብለናል፤ በምትኩ የምንጠቀምባቸው ቃላት ዝርዝርም ይሰጠን ነበር። ዝርዝሩ ጽሑፍ እንዳይሰለች ይረዳል። ጉዳቱ ቃላቱ አንዱ በሌላው የሚተካ መምሰላቸው ነው። ብዙዎቹ ግሶች ሰውየው ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን እኛ እንዳመንነው ወይም እንዳላመንነው ጭምር ይናገራሉ። እኔ ነርሲንግ ስለምማር የምንመርጠው ግስ በሰው የሕክምና መዝገብ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ሌላ ትምህርት ለምትማሩም ግን ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ ሰዋስው

በአማርኛ «አለኝ» ስለምንል በእንግሊዝኛ «ሴድ ሚ» ማለት ይቀናናል። «ሴይ» ግን ሰሚውን በቀጥታ አያስከትልም። ሰሚው ከተጠቀሰ «ቶልድ ሚ»፣ ካልተጠቀሰ «ሴድ» ብቻ ነው። «አስረዳኝ» የሚለው ልማዳችንም «ኤክስፕሌይንድ ሚ» ያስብለናል፤ ትክክሉ «ኤክስፕሌይንድ ቱ ሚ» ነው። «ሰጀስት»ም ሰሚውን በቀጥታ አይወስድም። እነዚህ በልምምድ የሚስተካከሉ ናቸው። ከባዱ የሚቀጥለው ነው።

ግሱ ውስጥ የተደበቀው ፍርድ

አንዲት ታካሚ «ሕመሜ ከ10 ስምንት ነው» ብላለች እንበል። «ሴይ»፣ «ስቴት» ወይም «ሪፖርት» ብለን ብንጽፍ ያለችውን አስተላለፍን እንጂ ብዙ አልጨመርንም። «ክሌም» ብንል ግን «እንዲህ ትላለች፣ እውነት መሆኑን እንጃ» እንደ ማለት ነው። «ኢንሲስት» ብንል ደግሞ «ብንነግራትም አልሰማ ብላ ድርቅ አለች» የሚል ይመስላል። «አድሚት» ከዚህም ይብሳል፤ የተደበቀ ጥፋት እንደነበረና አሁን እንደተናዘዘች ያስመስላል። ታካሚዋ የተናገረችው በአራቱም ያው ነው፤ የተለያየው የጸሐፊው አስተያየት ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ጥናት ለሕክምና ተማሪዎችና ለሬዚደንት ሐኪሞች ስለ አንድ የሲክል ሴል ታካሚ የተጻፈ ማስታወሻ ሰጣቸው። ታካሚውና ሕመሙ አንድ ነው፤ ግማሾቹ ግን በገለልተኛ ቃላት፣ ግማሾቹ በሚያንቋሽሹና በሚያጠራጥሩ ቃላት የተጻፈውን አነበቡ። ሁለተኛውን ያነበቡት ለታካሚው የነበራቸው አመለካከት የከፋ ነበር፤ ለሕመሙ የመረጡለት ማስታገሻም አነስ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ9,000 በላይ የሐኪም ማስታወሻዎችን መርምሮ፣ ስለ ጥቁር ታካሚዎች በተጻፉት ላይ እንደ «ክሌም» እና «ኢንሲስት» ያሉ ቃላት የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። የጥቅስ ምልክትም እንዲሁ። ትምህርት ቤት የታካሚውን ቃል በጥቅስ ጻፉ እንባላለን፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን «ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነኝ ይመስለኛል» የሚለውን ቃል በቃል መጻፍ ሐኪሙን ይረዳል፤ «ሕመም» የምትለዋን ቃል ብቻ በጥቅስ ማጠር ግን መጠራጠር ይመስላል።

አሁን ደግሞ አንባቢው ሐኪምና ነርስ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሚያዝያ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታካሚዎች የተጻፈላቸውን አብዛኛውን ማስታወሻ በኢንተርኔት ወዲያው ማንበብ እንዲችሉ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን በስልክ እየከፈትን የምንተረጉመው እኛው ነን። ስለዚህ እነዚህን ሦስት ቃላት ማወቅ ይጠቅማል፦

«ዲናይስ» በሕክምና ቋንቋ «ተጠይቃ የለብኝም አለች» ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ላይ ግን «ካደች» የሚል ታገኛላችሁ። አልኮል መጠጣቷን «ዲናይስ» የሚለውን ለእናታችሁ «ክደሻል ይላል» ብላችሁ ብትተረጉሙ ሐኪሟን መቀየሟ አይቀርም። ጸሐፊዎቹ ብንሆን ደግሞ «ሪፖርትስ ኖ» ብለን መጻፍ እንችላለን፤ ትርጉሙ አይጎድልም፣ ክስም አይመስልም።

«ኮምፕሌይንስ ኦፍ» ማለት «አማረረች» ሳይሆን «ይህ ያመኛል ብላ መጣች» ማለት ነው። የቆየ የሙያ ቃል ነው፤ «ሪፖርትስ» ወይም «ሃዝ» ይተካዋል።

«ሪፊዩዝድ» እና «ዲክላይንድ» በአማርኛ ሁለቱም «እምቢ አለ» ይባላሉ። የመጀመሪያው እልኸኛ ያስመስላል፤ ሁለተኛው ሰውየው መብቱን ተጠቅሞ «ይቅርብኝ» ማለቱን ይናገራል። ከሁለቱም የሚበልጠው ምክንያቱን መጻፍ ነው፦ «ስለሚያስተኛኝ ጠዋት አልወስድም ብሏል»።

«ተመስገን» እና «እሺ»

ገለልተኛ ግስ መምረጥም ብቻውን አይበቃም። ግሱ የሚዘግበው ነገር በእርግጥ ተብሏል ወይ? እዚህ ላይ ቋንቋችንን የምናውቅ ሰዎች የምናየው፣ ሌላው ግን ሊያልፈው የሚችል ነገር አለ።

ነርሷ ትልቅ እናት ዘንድ ገብታ «እንዴት ነዎት?» ትላለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። መዝገቡ ላይ «ሕመም የለባቸውም ብለዋል» ተብሎ ይጻፋል። እሳቸው ግን ስለ ሕመም አልተጠየቁም፤ ሰላምታ ነው የመለሱት። ሕመሙ ቢብስም «ተመስገን» ማለታቸው አይቀርም። ትክክለኛው መንገድ «አሁን የሚያምዎት ቦታ አለ? የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ የተባለውን መጻፍ ነው።

«እሺ»ም እንዲሁ ነው። ከሆስፒታል መውጫ ላይ ስለ መድኃኒት ይነገራቸዋል፤ «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» ይላሉ። ነርሶች የምንጽፋት የተለመደች ሐረግ አለች፦ «ቨርባላይዝድ አንደርስታንዲንግ»፣ መረዳታቸውን በቃላቸው ገልጸዋል ማለት ነው። «እሺ» ግን «ሰምቻለሁ» ሊሆን ይችላል፣ «አከብርሻለሁ» ሊሆን ይችላል፣ «ቶሎ ጨርሽልኝ» ሊሆንም ይችላል። መረዳታቸውን የምናውቀው «እስኪ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ብለን በራሳቸው አንደበት ሲመልሱልን ነው። ያኔ ሐረጓን መጻፍ ይቻላል።

ድርሰት ለምትጽፉ

ጥናት ስትጠቅሱም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። ጸሐፊው ለክቶ ወይም ቆጥሮ ውጤት ካገኘ «ፋውንድ»፤ ማስረጃ እየደረደረ አቋም ከያዘ «አርግዩስ»፤ ውጤቱ አመላካች እንጂ የመጨረሻ ካልሆነ «ሰጀስትስ»። «ፕሩቭስ»ን ለሒሳብ ተዉለት፤ አንድ ጥናት ብቻውን «አረጋገጠ» ማለት ብዙ ጊዜ ከጥናቱ ባለቤቶች በላይ መናገር ነው። «ክሌምስ»ን የምትጠቀሙት ቀጥላችሁ ልትሞግቱት ከሆነ ብቻ ይሁን። የጊዜው ነገርም አለ፦ በኤ.ፒ.ኤ. የአጻጻፍ ደንብ የሌሎችን ጥናት ስንጠቅስ ግሱ ኃላፊ ጊዜ ይሆናል፤ በኤም.ኤል.ኤ. ግን የአሁን ጊዜ ነው የተለመደው።

ግስ ስትመርጡ ራሳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰውየው ይህን በእርግጥ ብሏል ወይስ እኔ ተረድቼለት ነው? ግሱ የእሱን ሐሳብ ነው የሚናገረው ወይስ የእኔን ጥርጣሬ? ራሱ ቢያነበው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» ይላል? ሦስተኛው ላይ ከተጠራጠራችሁ «ሴድ» ትበቃለች፤ ብትደጋገምም ማንንም አትጎዳም።

የወላጆቻችሁን መዝገብ ስታነቡ ደግሞ ያላሉት ነገር እንዳሉት ተደርጎ ተጽፎ ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሂፓ የሚባለው ሕግ ታካሚው መዝገቡ እንዲታረም በጽሑፍ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ጥያቄው ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ የራሱን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ ይችላል። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው።