የአየር ጠመንጃ ሞላና የ16.27 ጁል ወሰን



የአየር ጠመንጃን በትርፍ ጊዜያቸው የሚጠግኑና የሚያሻሽሉ ሰዎች አስቀድመው የሚመኙት ጠንካራ ሞላ ነው። እኔ ይህን ምኞት ከፊዚክስም ከሕግም አንጻር እጠራጠረዋለሁ።

ቃታው ሲሳብ የታመቀው ሞላ ይለቀቅና ፒስተኑን ወደፊት ይወረውራል፤ በሲሊንደሩ ያለው አየር በቅጽበት ተጨምቆ እጅግ ይግላል፤ የእርሳሷን ጥይት የሚገፋትም ይኸው አየር ነው። የታመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ወደ ኋላ ያነጥረዋል። ሞላው ከጥይቷ ክብደት ጋር ካልተመጣጠነ ትርፍ ጉልበቱ በንዝረት ይባክናል፤ ተኳሹም ዒላማውን ይስታል። ስለዚህ ብልህ ጠጋኝ የሞላውን ጫፎች ያለሰልሳል፣ ሞላው እንዳይወላገድ በልኩ የተቀረጸ መምሪያ ያስገባለታል፣ ወፍራም ግራሶም በስሱ ይቀባዋል። በስሱ ማለቴ በከንቱ አይደለም፤ ፒስተኑን አልፎ ወደ ታመቀው አየር የገባ ቅባት ይቀጣጠላል። ካርዲው የተባሉት እንግሊዛውያን ሞካሪዎች ጠመንጃውን በናይትሮጅን ውስጥ ሲተኩሱት የጥይቷ ፍጥነት በእጅጉ ቀንሷል፤ ናይትሮጅን ቃጠሎን አይደግፍምና።

በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ጉልበቱ ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ16.27 ጁል፣ መብለጥ የለበትም። 0.547 ግራም የምትመዝን ጥይት በሰከንድ 240 ሜትር ፍጥነት ብትወጣ 15.75 ጁል ትይዛለች፤ በ250 ሜትር ብትወጣ ግን 17.1። በዚህች የ10 ሜትር ልዩነት ባለቤቱ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ የያዘ ወንጀለኛ ይሆናል፤ አላወቅሁም ማለቱም አያድነውም። እንግዲህ ሞላው ወይም የጥይቷ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ፍጥነቱ በመሣሪያ መለካት አለበት።