ያገለገለ የሮታሪ መኪና ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ስድስቱን ቁጥሮች ጠይቁ

አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ አያችሁ እንበል፦ «ማዝዳ አርኤክስ-7፣ የ1993 ምርት፣ 90 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ቀለሙ እንደ አዲስ።» ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ከተጻፈው ውስጥ የሞተሩን ጤና የሚነግራችሁ አንድም ነገር የለም። እሱን የሚነግሯችሁ ስድስት ቁጥሮች ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደሚመጡና እንዴት እንደሚነበቡ እስቲ አብረን እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፒስተን የሌለው ሞተር

በአብዛኞቹ መኪኖች ሞተር ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ ክራንክሻፍቱ ደግሞ ይህን ምልልስ ወደ ዙር ይለውጠዋል። ጀርመናዊው ፊሊክስ ቫንከል ምልልሱን አስቀርቶ ከመጀመሪያው የሚዞር ሞተር ለመሥራት ተነሳ። ኤንኤስዩ በተባለው ኩባንያ ውስጥ የሙከራ ሞተሩ በ1957 ተነሳ። የጃፓኑ ማዝዳ በ1961 የማምረት ፈቃድ ወሰደ፤ በ1967 ኮስሞ ስፖርትን፣ በ1978 ደግሞ አርኤክስ-7ን ለገበያ አቀረበ። አርኤክስ-7 እስከ 2002 ድረስ ከ800 ሺህ በላይ ተመርቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሮተር የሚባል፣ ጎኖቹ ወጣ ወጣ ያሉ ሦስት ማዕዘን አለ። የሚዞርበት ቤት ሁለት ፍሬ የያዘ የለውዝ ቅርፊት ይመስላል፤ ወገቡ ላይ ጠበብ ይላል። የሮተሩ ሦስት ጫፎች ሁልጊዜ ግድግዳውን እየነኩ ስለሚሄዱ፣ በሮተሩና በግድግዳው መካከል ሦስት ክፍሎች ይፈጠራሉ። እያንዳንዱ ክፍል እየሰፋና እየጠበበ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ይጨምቃል፣ በካንዴላ ይቀጣጠላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ቫልቭ የሚባል ነገር የለም።

ሮተሩ አንድ ዙር ሲጨርስ ዋናው ሻፍት ሦስት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ በደቂቃ 6,000 ዙር ስታዩ ሮተሩ ራሱ የሚዞረው 2,000 ጊዜ ብቻ ነው። ሞተሩ ትንሽና ቀላል ነው፤ ግን ጉልበቱ ሌላ ነው። የ1993ቱ አርኤክስ-7 በ1.3 ሊትር ሞተርና በሁለት ቱርቦ አሜሪካ ውስጥ 255 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

ደካማው ጎን

የፒስተን ሞተር ግፊቱ እንዳያመልጥ የሚያደርጉት ክብ ፋሻዎች ናቸው። ሮተር ግን ክብ አይደለም። በሦስቱ ጫፎቹ ላይ ቀጭን ማሸጊያዎች በጎድጓዳ መስመር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስፕሪንግና የጋዙ ግፊት ወደ ግድግዳው ይገፏቸዋል። በኬንኢቺ ያማሞቶ የተመራው የማዝዳ 47 መሐንዲሶች ቡድን ብዙ የደከመው በእነዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ማሸጊያዎቹ እየተንቀጠቀጡ ግድግዳውን ይቧጥጡት ነበር፤ ጭረቱንም «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ሰይመውት ነበር። ለኮስሞ መፍትሔ የሆነው ካርቦንና አሉሚኒየም የተዋሐዱበት ማሸጊያ ነው።

ማሸጊያዎቹ እንዳይደርቁ ሞተሩ ሆን ብሎ ትንሽ ትንሽ ዘይት ወደ ክፍሎቹ ይረጫል፤ ዘይቱም አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ ጤነኛ ሮታሪ ዘይት ይበላል። ሻጩ «ጠብታ ዘይት አይጨርስም» ካላችሁ አትደሰቱ። ወይ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር እየቀላቀለ ይሞላል፣ ወይ የዘይት መርጫው አይሠራም። የትኛው እንደሆነ ጠይቁት።

አንድ ማሸጊያ ከተሰበረ ጉዳቱ እዚያ አይቆምም። ስባሪው ግድግዳውን ይቧጥጣል፣ በጭስ ማውጫው ሲወጣም ቱርቦውን ሊመታ ይችላል። ያኔ ሞተሩ ይፈታል፤ ለመኪናው ካወጣችሁት የማይተናነስ ወጪም ሊመጣ ይችላል።

ስድስቱ ቁጥሮች

አርኤክስ-7 ሁለት ሮተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ሦስት ክፍል ስላለው በጠቅላላ ስድስት የኮምፕሬሽን ቁጥር እንጠብቃለን። ለፒስተን የተሠራው ተራ መለኪያ እዚህ ያታልላል። የደረሰበትን ከፍተኛ ግፊት ይዞ ስለሚቆይ ከሦስቱ ክፍሎች የበረታውን ብቻ ያሳያል። ከሦስት ተማሪዎች የአንደኛውን ውጤት ብቻ አይቶ ክፍሉ በሙሉ ጎበዝ ነው እንደማለት ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ለየብቻ የሚመዘግብ የሮታሪ መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልጉ።

አሁን እንቆቅልሽ ልስጣችሁ። የፊተኛው ሮተር 7.6፣ 7.5 እና 7.7 ባር አሳየ፤ የኋለኛው 7.5፣ 4.3 እና 4.1። የተበላሸው ምንድን ነው?

እያንዳንዱ የጫፍ ማሸጊያ የሁለት ጎረቤት ክፍሎች አጥር ነው። አንዱ ሲጎዳ ሁለቱም ጎረቤቶች ግፊት ያጣሉ፤ ሦስተኛው ግን ደህና ይሆናል። የኋለኛው ሮተር ምልክት ይኸው ነው፦ አንድ የጫፍ ማሸጊያ። የወረደው አንድ ክፍል ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚያን ክፍል የጎን ማሸጊያ እንጠረጥር ነበር። ስድስቱም እኩል ከወረዱ ደግሞ ሞተሩ በጠቅላላ አልቋል ማለት ነው።

ዝቅተኛው ልክ እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ የሞዴሉን የጥገና መመሪያ እዩ። ለምሳሌ ለአርኤክስ-8 ልኩ ዋናው ሻፍት በደቂቃ 250 ዙር ሲዞር 6.8 ባር ነው፤ በአንድ ሮተር ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነትም ከ1.5 ባር መብለጥ የለበትም። ሞተሪኖው ፈጥኖ ካዞረ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ስለዚህ የዙሩ ፍጥነት ያልተጻፈበትን ውጤት አትመኑ። ከፍታም ይቆጠራል። ሞተሩ የሚጨምቀው በዙሪያው ያለውን አየር ነው፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ የዚያው ጤነኛ ሞተር ቁጥርም በዚያው ልክ ይወርዳል።

መለኪያ ሳይኖር

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ለሻጩ ንገሩት። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ያለው ወፍራም ዘይት ክፍተቱን ስለሚደፍን የደከመ ሞተርም ይነሳል። 20 ደቂቃ ያህል ንዱት፣ አጥፉት፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና አስነሱት። ሞቆ ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ካዞረው ኮምፕሬሽኑ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ጭሱንም እዩ። ሰማያዊ ጭስ የተቃጠለ ዘይት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የራዲያተሩ ውኃ ወደ ክፍሎቹ እየገባ መሆኑን ያሳያል። የሮታሪ ሞተር የብረትና የአሉሚኒየም ክፍሎች ተደራርበው በረጃጅም ብሎኖች የታሰሩበት ነው። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ፣ አንድ ጊዜ ከልክ በላይ መጋል ብቻ በመካከላቸው ያሉትን የውኃ ጎሚኒዎች ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «ግሎ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ሞተሩ ታድሷል» ሲሏችሁም አትደንግጡ። ማን እንዳደሰው፣ ምን እንደተቀየረና ከዚያ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚያሳይ ደረሰኝ ካለ፣ የታደሰው ሞተር ካልተፈታው ሊሻል ይችላል። አነስተኛ ኪሎ ሜትር ግን ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና ማሸጊያው በካርቦን ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ሻጩ ኮምፕሬሽን ለማስለካት እሺ ካላለ ክርክር አያስፈልግም። ሞተሩ የሚፈታ ነው ብላችሁ አስቡና፣ የማደሻውን ወጪ ከዋጋው ቀንሳችሁ ተደራደሩ። በዚያ ዋጋ ካልሸጠ ሌላ መኪና ፈልጉ።