በታሸገው ቆጣሪ ውስጥ

አዲስ አበባ፣ ቤቴል ሰፈር ውስጥ ስለ መብራት የሚሰማው እሮሮ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ጠፋ» ነው፤ ጎረቤቱም ወፍጮ ቤቱም አብሮ ስለሚጨልም ክርክር የለበትም። ሌላው «ካርዱ ቶሎ አለቀብኝ» ነው፤ ይሄኛው ምስክር የለውም። ባለፈው ወር የበቃው ብር በዚህ ወር ለምን እንዳልበቃ የሚያውቀው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ ማኅተም ያለበት ሣጥን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ፣ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። በዚያ ላይ ዋጋው በፍጆታ እርከን ስለሚለያይ ብዙ የተጠቀመ ሰው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ይበልጣል። ያረጀ ፍሪጅ ይኖር ይሆናል፤ ከቆጣሪው በኋላ መስመር የጠለፈ ሰውም አይጠፋም። ቆጣሪው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆንም ይችላል። ችግሩ ደንበኛው እነዚህን ለይቶ የሚያይበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። የታሪፍ ጭማሪም ብልሽትም ከእሱ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ቀሪው ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ይጨልማል።

ድሮ ዲስኩ የሚሽከረከረው ቆጣሪ በነበረ ጊዜ አባወራው በመጠርጠር ብቻ አያበቃም ነበር። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ወጥቶ ያያል፤ ዲስኩ ከዞረ አንድ ነገር አለ። የቆጣሪ አንባቢው የጻፈውን ቁጥርም ከቢሉ ጋር ያስተያያል። ያ ቆጣሪ ፍጹም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሊያጭበረብሩት ቀላል ነበር፣ አንባቢውም ሳይመጣ በግምት የሚሞላበት ጊዜ ነበር። ስህተቱ ግን በዓይን ይታያል። ዛሬ ልኬቱን የሚሠራው አነስተኛ ኮምፒውተር ነው፤ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም የጻፈው አምራቹ ኩባንያ ነው፣ የሚያነበውም ራሱ ነው። «ሲስተም የለም» ተብሎ ካርድ ሳይሞላ የተመለሰ ሰውም ችግሩ ከኔትወርኩ ይሁን ከሰርቨሩ ወይስ ከካርዱ የሚጠይቀው አያገኝም።

ይህን ጉዳይ አጥብቀው ካጠኑት መካከል እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፉት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሮስ አንደርሰን አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደቡብ አፍሪካ መብራት ላልነበራቸው ሰፈሮች በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ኃይል ስታዳርስ ሥራውን በቅርብ ያዩ ሰው ናቸው። ከተረኩት ውስጥ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሳይገርም የማያልፍ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ዓይነት ቆጣሪ ቮልቴጁ ከ160 እስከ 180 ቮልት ሲወርድ ቀሪ ሒሳቡን በራሱ ወደ መጨረሻው ጣሪያ ይሞላ ነበር። ሰዎች ይህን ደረሱበትና በ11 ሺህ ቮልት መስመር ላይ የብረት ሰንሰለት እየወረወሩ ኃይሉን ማውረድ ጀመሩ። የካርዱን ቁጥር የሚጠብቀውን ምሥጢራዊ ቁልፍ የሰበረ ሰው አልነበረም፤ የምሥጠራ ጥበቡ እንደጸና ነበር። ጥፋቱ የመጣው አምራቹ ቆጣሪውን በደከመ ቮልቴጅ ሞክሮት ስለማያውቅ ነው። ፕሮግራሙ ቺፑ ላይ የተቀረጸ በመሆኑም በርቀት ማረም አልተቻለም፤ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ቆጣሪ ከየግድግዳው መነቀል ነበረበት።

ለእኛ ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። ምሽት ላይ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ የሚደክምበት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጁን ከሶኬት የምንነቅልበት ከተማ ነው ያለን። የኃይል መዋዠቅ በሌለበት አገር ተፈትኖ ያለፈ ዕቃ እዚህ ምን እንደሚያደርግ የሚታወቀው እዚህ ሲፈተን ነው።

የታሸገ ፕሮግራምን በአምራቹ ቃል ብቻ ማመን ምን ሊያስከፍል እንደሚችል ደግሞ ከኢትዮጵያውያን በላይ የሚያውቅ የለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሲከሰከስ 157 ሰዎች አለቁ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ፕሮግራም የሚሰማው አንድ ዳሳሽ ብቻ ነበር። የግራው ዳሳሽ ከ74 ዲግሪ በላይ ሲያሳይ የቀኙ 15 ገደማ ያሳይ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን አላስተያየም። ከአራት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች በተመሳሳይ ምክንያት ሞተዋል፤ ከዚያ በፊት አብራሪዎቹ ፕሮግራሙ መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የፍተሻውን ሥራ በብዛት ለአምራቹ ለቦይንግ ለራሱ ሰጥቶት ነበር። ቆጣሪ አውሮፕላን አይደለም፤ በካርድ ማለቅ የሚሞት ሰው የለም። የእምነቱ ዓይነት ግን አንድ ነው።

እኛ አገር የሳይበር ደህንነት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ውጭ ጠላት ይሮጣል። ሥጋቱ ሐሰት አይደለም። ሰኔ 2012 ላይ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ መቀመጫቸው ግብፅ ነው ያላቸው ቡድኖች የሕዳሴ ግድቡን ውኃ ሙሌት አስታከው የሰነዘሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። ዩክሬን ውስጥም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ሰርጎ ገቦች ሦስት የኃይል አከፋፋዮችን ኮምፒውተር ተቆጣጥረው ከ225 ሺህ የማያንሱ ደንበኞችን ጨለማ ውስጥ ከተዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በከባድ ቅጣት ይቀጣል። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካው ቆጣሪም የቦይንግ አውሮፕላንም የወደቁት በሰርጎ ገብ አልነበረም። ጥፋታቸው ሲሠሩ አብሯቸው የተሠራ ነው፤ ሌባን የሚቀጣ ሕግ አያገኘውም።

ከርቀት የሚታዘዝ ስማርት ቆጣሪ ሲመጣ ጥያቄው ይከብዳል። አንደርሰን ከሻይለንድራ ፉሎሪያ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረቡት ጥናት ያነሳው ይህንኑ ነበር፤ የእያንዳንዱን ቤት መብራት ከማዕከል ማጥፋት ከተቻለ ያን ማጥፊያ የያዘው ማን ነው? ማዕከሉም ራሱ ሊደፈር ይችላል፤ የደቡብ አፍሪካው የኤሌክትሪክ ድርጅት ኤስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 የካርድ ቁጥር መሸጫ ሲስተሙ ተደፍሮ ሕገ ወጥ ቁጥሮች ሲወጡበት እንደነበር ራሱ አምኗል፤ በዘርፉ የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ድርጅት ነው።

ስለዚህ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከግዢው ነው። የጨረታ ሰነዱ ላይ አምራቹ ፕሮግራሙን ለገለልተኛ መርማሪ እንዲከፍት፣ ቆጣሪው በአዲስ አበባ ቮልቴጅ እንዲፈተን፣ ውጤቱም እንዲታተም ማስገደድ ይቻላል። የልኬት ተቋም አለን፤ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ምህንድስና ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም አሉን፤ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚያስሱ ተማሪዎች ከእነዚህ ቆጣሪዎች ጥቂቱን ፈትተው ቢመረምሩ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። ለቤቴሉ ደንበኛ ደግሞ ካርድ በሞላ ቁጥር ምን ያህል ኪሎዋት ሰዓት በየትኛው ዋጋ እንደገዛ፣ ያለፈው ወር ፍጆታውም ስንት እንደነበር የሚነግር አጭር መልእክት ስልኩ ላይ ቢደርሰው፣ «ቶሎ አለቀብኝ» ሲል ቢያንስ ቁጥር ይዞ ይከራከራል።