ወረራው እስኪያበቃ

ላስ ቬጋስ ውስጥ የካዚኖ ሠራተኛ ቅዳሜና እሁድ አያርፍም፤ ከተማው የሚሞላው ያኔ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ሰው የሚሰበሰበው ሰኞ ማታ ነው። ክላርክ ካውንቲ በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው ሰፈር ብዙም ሳንርቅ አንድ የምግብ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፦ ክራፕስ የተባለውን የዳይስ ቁማር የሚያጫውት ዲለር ጓደኛዬ፣ ጋሼ የምንላቸው ታክሲ ነጂ፣ ነርስ የሆነች እህታቸው፣ የእሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እና እኔ። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር ልጁ ዳይሶቹን ያወጣል።

በገንዘብ አንጫወትም። ጨዋታው ተረት ነው ማለት ይቀላል። አንድ ሰው ዳኛ ይሆናል፣ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን የአንድ ሰው ነፍስ ይዘን እንገባለን። እኔ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የምኖር፣ መሰንቆውን ጥሎ ሌብነት የገባ አዝማሪ ነኝ። ዳኛው «ግንቡ ሥር ደርሰሃል፤ ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ ያንጎላጃል» ይላል። «እወጣለሁ» እላለሁ። መውጣቴንና መውደቄን ግን አፌ አይወስንም። ሕጉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የእኛም ጭቅጭቅ የሚጀምረው እዚሁ ነው። እንዲህ ላለው ጨዋታ የተጻፈው ሕግ አንድ ሳይሆን ብዙ ነውና፣ ማንም የወደደውን ይዞ ይሟገታል።

ልጁ ያመጣው የመጀመሪያ መጽሐፍ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነበር፤ የሁሉም አባት ማለት ነው። በ1974 ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ጋይጋክስ ቀደም ሲል የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር። ይህን ስሰማ አልገረመኝም፤ መጽሐፉን የገለጠ ሰው ለእያንዳንዱ አደጋ ዋጋ ሲተመን ያያል። ዛሬ በሚሠራበት ሕግ ግንብ ለመውጣት ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ይጣላል፣ የመጣው ቁጥር ላይ የሰውየው ችሎታ ይደመራል፣ ድምሩ ዳኛው ካስቀመጠው ቁጥር ከደረሰ ወጣ፣ ካልደረሰ ወደቀ። ለምሳሌ ዳኛው 15 ቢል፣ ችሎታዬም 5 ቢሆን፣ ዳይሱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ከመቶ 55 እድል አለኝ። ከነጭራሹ ግንብ ወጥቶ የማያውቀው፣ ጋሼ የሚጫወቱት ቄስ ደግሞ 30 አለው።

ዲለሩ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ስኒውን አስቀመጠ። «ታዲያ ዕድሜውን በሙሉ ግንብ ሲወጣ የኖረ ሌባ ከመቶ 45 ጊዜ ይወድቃል?» አለ። ልጁ መልስ አላጣም። የ2014ቱ እትም ሁኔታው ለሚመቸው ሰው ሁለት ዳይስ ጥሎ የበለጠውን እንዲወስድ ይፈቅዳል፤ ያኔ 45 የነበረው ውድቀት ወደ 20 ይወርዳል። ጓደኛዬ ግን ቅሬታው ሌላ ነበር። ሃያ ጎን ያለው ዳይስ መሃል የለውም። 1 የመምጣት እድሉ እንደ 11ዱ ነው፣ 11ዱም እንደ 20ው። እሱ ደግሞ ቀኑን የሚውለው በሁለት ዳይስ ፊት ነው። ሁለት ዳይስ የሚወድቅበት መንገድ 36 ነው፤ ከነዚህ ውስጥ 6ቱ ሰባት ይሰጣሉ፣ ሁለት የሚሰጠው ግን አንዱ ብቻ ነው። ክራፕስ የቆመው በዚህ ጉብታ ላይ ነው። ሰባት የጠረጴዛው ንጉሥ የሆነው ብዙ መንገድ ስላለው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

ልጁ በሳምንቱ ሌላ መጽሐፍ ይዞ መጣ፦ አፖካሊፕስ ወርልድ፣ በ2010 የወጣ፣ የቪንሰንትና የሜጌ ቤከር ሥራ። እዚህ የሚጣለው ሁለት ተራ ዳይስ ነው። ከ6 በታች ወይም 6 ከመጣ አልተሳካም፤ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳክቷል፣ ግን ያስከፍላል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል። ልጁ አንቀጹን አንብቦ ሳይጨርስ ጓደኛዬ «15፣ 15፣ 6» አለ። ከ36ቱ 15 ውድቀት፣ 15 የመሃል፣ 6 ድል ማለቱ ነው። ችሎታ 2 ሲደመርበት ውድቀቱ ከ15 ወደ 6 ይወርዳል፤ ሁለቱ ጫፎች ቦታ ይለዋወጡና መሃሉ 15ቱ ንቅንቅ አይልም። የለመደ ሌባ ከግንብ የሚወድቀው ከስድስት አንዴ ሆነ። «ይሄ ሰው ይመስላል» አለ።

የመሃሉ መልስ ምን እንደሚሠራ በዚያው ማታ አየሁት። ጣልኩ፣ 8 መጣ። ዳኛዋ የልጁ እናት ነበረች። ትንሽ አሰበችና «ወጥተሃል» አለችኝ። «ነጠላህ ግን እሾህ ይዞት እታች ቀርቷል። ጥለቱን ማን እንደሸመነው ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል።» ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል ስለ ግንቡ አልነበረም፤ ስለ ነጠላው ነበር። በሃያ ጎኑ ዳይስ ብንጫወት ወይ ወጣሁ ወይ ወደቅሁ፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ።

ሌሎችንም ሞክረናል። ገርፕስ ሦስት ዳይስ ይጥላል፣ ሁሉን ነገር በነጥብ ያስገዛል፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ይሁንለት። ከ1981 ጀምሮ ያለው ኮል ኦፍ ክቱሉ በመቶኛ ስለሚሠራ ለማንም ለማስረዳት ከሁሉም ይቀላል፦ መቆለፊያ መክፈት 40 ካለህ ከመቶ 40 ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ጋሼ ግን ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ንቅንቅ አይሉም። እሳቸውን የሚያሳስባቸው ዳይሱ ሳይሆን ዳኛዋ ናት። በአፖካሊፕስ ወርልድ 8 ሲመጣ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚተምነው ዳኛው ነው። «ነጠላዬን ለምን? ጫማዬ ቢሆንስ?» ይላሉ። መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ሰው አፍ ላይ ከዋለ፣ ዳኛ የወደደውን ይጠቅማል ባይ ናቸው። ጓደኛዬ ተቃራኒው ነው፤ ምክንያቱንም ከእጁ ማየት ይቻላል። ከጠረጴዛ በተነሣ ቁጥር፣ ቡና ለመቅዳትም ቢሆን፣ መዳፉን ያጨበጭብና ገልብጦ ያሳያል፤ ቺፕ አለመያዙን ለጣሪያው ካሜራ የሚያስመሰክርበት የሥራ ልማድ ነው። ብላክጃክ ሲያጫውት ደግሞ መቼ ካርድ እንደሚወስድ ጨርቁ ላይ ተጽፎለታል፤ የራሱ ፍርድ የሚባል ነገር የለውም። ቀኑን ሙሉ በሕግ የታሰረ ሰው ማታ ፍርድ ቢናፍቅ አይፈረድበትም።

በዚህ ከተማ የኖረ ሰው ግን የጋሼን ስጋት አይንቅም። ለተጫዋች ብላክጃክ ሲመጣለት ለ10 ዶላር 15 ይከፈል ነበር፤ ዛሬ ብዙ ጠረጴዛ ላይ የሚከፈለው 12 ነው። ሩሌት ላይ አንድ ዜሮ ሲኖር የቤቱ ድርሻ ከመቶ 2.70 ነው፣ ሁለት ሲሆን 5.26፣ ሦስት ሲሆን 7.69። መንኮራኩሩ ያው ነው፣ ኳሷም ያችው ናት፤ የተለወጠው አንድ ቀዳዳ ነው። ጋሼ «ሕጉን አንብብ» የሚሉት ወደው አይደለም።

ክርክሩ ደግሞ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የፕሩሲያ መኮንን ራይስቪትስ በ1824 የጦር ጨዋታ አዘጋጅቶ ነበር፤ የጥይቱ ጉዳት በዳይስና በሠንጠረዥ የሚሰላበት። በ1876 ቨርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው ሌላ መኮንን ሠንጠረዡ ሥራ ያጓትታል ብሎ ውጤቱን ልምድ ላካበተ ዳኛ ፍርድ ተወው። ወደ እኛ ስንመጣም አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» ሲሟገቱ መንገደኛ አስቁመው ዛፍ ሥር ዳኛ ያደርጉ ነበር። መጽሐፍ በእጁ አልነበረም፤ የሚታመነው በሚዛናዊነቱ ነበር።

እኔ እንደ ጓደኛዬ ሁለቱን ዳይስ መርጫለሁ። የጋሼን ቅሬታ ያስታገሰው ግን ሰንጠረዥ ከሚባለው ከአገራችን የቼዝ ጨዋታ የተገኘ ነገር ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠብ ሲነሣ ሁሉም ዳይስ ጥሎ ተራ ይይዛል፤ በአፖካሊፕስ ወርልድ ተራ የሚባል የለም። በሰንጠረዥ ሁለቱም አሉ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት እንደተነተነው፣ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ስሙ ወረራ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ተራ በተራ ይሆናል።

እኛም ያንን ወሰድን። ደም እስኪፈስ ድረስ ተራ የለም፣ ዳኛው እንደመሰለው ይፈርዳል፣ የሚጣለውም ሁለቱ ዳይስ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሲቆስል የልጁ መጽሐፍ ይከፈታል፣ ተራ ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ብቻ ይሠራል። ጋሼ ተስማምተዋል፤ ሰኞ ሰኞ ሃያ ጎኑን ዳይስ በሸሚዛቸው ኪስ ይዘው ይመጣሉ፣ ገና ቶናው ሳይፈላም ጠብ የሚጭሩት እሳቸው ናቸው።