ድንጋይ የሚወጣ መኪና ለመካነ ሰላም ግቢ

መካነ ሰላም ላይ ልጅ መኪና ሲያምረው ገበያ አይወጣም፤ ሽቦ ይፈልጋል። ከአጥር የተረፈው ሽቦ ተጠምዝዞ ሻንሲ ይሆናል። ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠ ሶል ጎማ ይሆናል። ከፊት እግሩ ተነሥቶ እስከ ልጁ ደረት የሚደርሰው ረጅም እንጨት ደግሞ መሪው ነው። ሞተሩ አፍ ነው፤ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ቁልቁለት ላይ ይለሰልሳል። ሲሰበር መለዋወጫው ደጅ ላይ ወድቋል።

ለገና ወይም ለአረፋ ከዱባይ፣ ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ አጎት በሻንጣው የሪሞት መኪና ሊይዝ ካሰበ፣ መጀመሪያ ይህን የሽቦ መኪና ያስታውስ። የሚቀበለው ልጅ ጠጋኝ ነው፤ የማይፈታ መኪና አይመጥነውም።

ከየሱቁ የሚገዛው አብረቅራቂ የሪሞት መኪና የማይፈታ ነው። የብዙዎቹ መሪ የሚያውቀው ሙሉ ግራ፣ ቀጥታና ሙሉ ቀኝ ብቻ ነው። ነዳጅ መስጫውም ወይ ሙሉ ነው ወይ ዜሮ። አንዷ የፕላስቲክ ማርሽ ጥርሷ የረገፈ ቀን ታሪኩ ያበቃል፤ የምትተካ ማርሽ የሚሸጥ የለምና። «ሆቢ ግሬድ» የሚባለው ዓይነት ግን ጣት የጠየቀችውን ያህል ብቻ ይታጠፋል፣ የተጫነውን ያህል ብቻ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ እያንዳንዱ ክፍሉ፣ ከሞተሩ እስከ ትንሿ ብሎን፣ የራሱ ቁጥር አለው፤ ብቻውን ይገዛል፣ በካቻቢቴና ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ይቀየራል። የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያውን የሪሞት መኪናውን፣ ፖርሽ 934ን፣ ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ግራስሆፐርና ሆርኔት ደግሞ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ተሠርተው ለገበያ ቀርበዋል። ያኔ በልጅነቱ የነዳ ሰው ዛሬ ለልጁ ያንኑ መኪና ገዝቶ፣ ከሳጥን አውጥቶ፣ ማታ ማታ አብሮ ይገጣጥማል።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። ብዙ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው። አንድ አሥረኛ በሚባለው መጠን (እውነተኛው መኪና አሥር እጅ ተቀንሶ ማለት ነው) የተሠራ የትራክሳስ ስላሽ በተራ ሞተሩ እንኳ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ግድም ይሮጣል። ሁለት ኪሎ የሚያልፍ ነገር በዚያ ፍጥነት የልጅ ቅልጥም ቢያገኝ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም። ኃይሉን በግማሽ የሚቀንስ የሥልጠና ስልት አለው፤ ይሁንና ለዚህ መኪና የሚበቃ ሜዳ የቱ ግቢ ውስጥ ይገኛል? የእኛ ግቢ ካብ ነው፣ እርከን ነው፣ የባሕር ዛፍ ሥር ነው፣ ጥግ ላይ የታሰረ በግ ነው።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የምመክረው ድንጋይ ወጪውን ነው፤ ክሮውለር ይሉታል። በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሄዳል፣ ጎማው ለስላሳ ነው፣ ደስታውም ከሩጫ ሳይሆን ያችን አንዲት ድንጋይ ከማለፍ ይመጣል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የላንድክሩዘር ሾፌር ይህን ደስታ ያውቀዋል። አንድ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ተራ ዲፈረንሺያል ኃይሉን ሁሉ ለዚያ ለተንጠለጠለው ይሰጥና መኪናው ቆሞ ይቀራል። ክሮውለር ግን ዲፈረንሺያሉ የተቆለፈ ስለሆነ አራቱም እኩል ይጎትታሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የትራክሳስ ቲአርኤክስ 4 ላይ ቁልፉን ከሪሞቱ መዝጋትና መክፈት ይቻላል፤ ሁለት ማርሽም አለው። አክሱሉ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ስለተሠራ ሆዱ ድንጋይ ቶሎ አይነካም። ለትንሽ እጅና ለትንሽ በረንዳ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲአርኤክስ 4ኤም (አንድ አሥራ ስምንተኛ) ወይም የአክሲያል ኤስሲኤክስ 24 (አንድ ሃያ አራተኛ) ይበቃል። ኪስ ለሚቆጥር ደግሞ ኤምኤን 82 የሚባል የቻይና መኪና አለ፤ መልኩ እዚያው አውራ መንገድ ላይ የሚያልፈው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ራሱ ነው። ጥራቱ ከሌሎቹ ይወርዳል፣ መለዋወጫው ግን ርካሽ ነው።

በነዳጅ የሚሠራውን ይተዉት። ያ ነዳጅ ከሜታኖልና ከናይትሮሜቴን የሚቀመም ተቀጣጣይ ነገር ነው፤ በአውሮፕላን አይጫንም፣ እዚህም ማደያ አይሸጠውም። ቢገኝስ? መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ሞተሩም በዚያው መጠን ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም፣ ደጋውም ቆላውም ለእሱ አንድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተባለ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ባትሪ ሲከራከር ውሎ ያድራል፤ ይህ ትንሹ ባትሪ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው።

ሁለት ዓይነት ነው። ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ከባድና ደከም ያለ ቢሆንም ስሕተት ይችላል፤ ለጀማሪ ቤተሰብ እሱ ይሻላል። ሊፖ ቀላልና ብርቱ ነው፣ ግን ቁጡ። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፣ ለሳምንታት ሲቀመጥ ደግሞ 3.8 አካባቢ መሆን አለበት። ካበጠ አበቃለት፤ መብሳት የለም፣ መሙላትም የለም። ሲሞላ ሰው አጠገቡ ይሁን። ከጭድና ከድርቆሽ ርቆ፣ ቢቻል ሰፊ የሸክላ ድስት ውስጥ ይቀመጥ፤ ሸክላ አይነድም። የኅዳር ውርጭ ላይ ያደረ ባትሪም እስኪሞቅ ይጠበቅ፤ በረዶ ሆኖ ከተሞላ ውስጡ ይበላሻል።

ለመንገደኛው አጎት ሁለት ነገር። ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ በእጅ ይያዛል። መጠኑን ማስላት ቀላል ነው፤ 7.4 ቮልት በ5 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል፣ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፈው ወሰን ደግሞ 100 ነው። ቻርጀሩን ገልብጦ ጽሑፉን ያንብብ፤ «100–240 ቮልት» ካላለ የአሜሪካው ቻርጀር በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። የዱባዩ ቮልቴጅ ይስማማል፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያው ግን የእኛን ሁለት ክብ ቀዳዳ አያውቅም።

የቀረውን ሻንጣ በመለዋወጫ ይሙላው። ሁለተኛ መኪና ከመግዛት ትርፍ ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው)፣ ሁለት ሦስት ማርሽ፣ የአክሱል ዘንግ፣ አንድ እሽግ ኩሽኔታና ብሎን ይሻላል። ክረምት ላይ ዋልካው ጎማው ላይ እንደ ጫማ ይለጠፋል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ውኃ ቢችልም ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ መታጠብ፣ መድረቅና መቀባት አለበት። በጋ ላይ አቧራው ማርሽ ውስጥ ይገባል፤ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። የተቆረጠች ሽቦ ካለች ካውያ ያለው የሞባይል ጠጋኝ በአምስት ደቂቃ ይበይዳታል። አብሽር፣ ከስልክ አይከብድም።

አንድ ነገር ብቻ። ደንቆሮ ጫካ፣ የቦረና ሳይንት ፓርኩ፣ ቅርብ ነው ተብሎ መኪናው ወደዚያ አይወሰድ፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም የሚያባርራቸው መጫወቻ አያስፈልጋቸውም። የግቢው ዶሮዎች ይበቃሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ቶሎ ይለምዱትና መንገድ መልቀቅ ይተዋሉ።

የመኪናው ገላ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ አንድ ቀን ከካብ ላይ ወድቆ ይሰነጠቃል። በብዙዎቹ ላይ ግን ገላው የተቀመጠው በአራት ቀጫጭን ዘንጎችና በአራት ቅንጥቦች ብቻ ስለሆነ፣ ሥሩ ያለው ሻንሲ ምን እንደተጫነበት ግድ የለውም። ልጁም የዘይት ቆርቆሮ ይቀድዳል፣ ሽቦ ይጠመዝዛል፣ አራት ቀዳዳ ይበሳል። በማግስቱ ካቡን የሚወጣው ከደሴ እህል የሚያመላልሰውን አይሱዙ የመሰለ መኪና ይሆናል፤ ሞተር እያለውም ልጁ በአፉ ያቃስትለታል።